ጋሽ ይመርና ከሀ በፊት ያለው ፊደል

የጋሽ ይመር ልጅ ፋሲካ ስትደውልልኝ መሰላል ላይ ነበርሁ። «አባዬ አረፈ» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኋት። በእጄ የያዝሁትን መጽሐፍ ቦታው አስገባሁ፣ ከመሰላሉ ወረድሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስሁት። መጀመሪያ መጽሐፉ፣ ቀጥሎ ልቅሶው። ይህን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ቢያዩኝ ደስ ይላቸው ነበር።

ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲያወራ «ደግ ነበሩ፣ አንድም ቀን ክፉ አልወጣቸውም» ይላል። ጋሽ ይመርም ደግ ነበሩ፣ አልክድም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ መጀመሪያ ያየኋቸው ነዝናዛ ሽማግሌ ሆነው ነው። ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ ቀጭን የእንጨት ማስመሪያ ይዘው በመደርደሪያዎቹ መካከል ይመላለሳሉ። አንድ መጽሐፍ ከጓደኞቹ ግማሽ ጣት ወጣ ብሎ ካዩ በማስመሪያው ገፋ ያደርጉታል። የወጣው ከገባ በኋላም ሁለት ጊዜ ዞረው ያዩታል።

ቤቱ የላሊበላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከቅዳሜ ገበያው ከፍ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በመስኮቱ የአሸተን ተራራ ይታያል። ጋሽ ይመር ሠላሳ ዓመት ግድም ብቻቸውን ይዘውታል። እኔ የተላክሁት ከመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ «በዝውውር» ይላል ደብዳቤው። እውነቱ ግን አለቃዬን ሰው ፊት አላዋቂ ብዬዋለሁ። አላዋቂ ነበር፤ ግን እሱን መንገር የእኔ ሥራ አልነበረም። አዲሱ ቦታዬ ላይ የስድስት ወር ሙከራ ተጻፈብኝ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቅሬታ ከመጣ ሥራው እንደሚያልቅ በቃልም በጽሑፍም ተነገረኝ።

የገባሁ ቀን ጋሽ ይመር ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ሀሁ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዲግሪ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ደሜ ፈላ። አብረን እንቁጠረው ወይ ብዬ መለስሁላቸው። እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። ሁለት መጽሐፍ አቀበሉኝ። አንዱ «ንብ እርባታ ለጀማሪ»፣ ሌላው «ንብረት አያያዝ» ይላል። የትኛው ይቀድማል አሉኝ።

ይህ ምን ጥያቄ ነው? ሁለቱም በ«ንብ» ይጀምራሉ። ከዚያ በአንዱ ረ ይመጣል፣ በሌላው እ። በፊደል ተራ ረ ከአ ቤት ይቀድማል። ንብረት ይቀድማል አልሁና አስገባሁት። ማስመሪያው መጥቶ እጄ ላይ ቆመ።

«ከንብ በኋላ ምን አለ?» አሉኝ።

«እርባታ።»

«ከእርባታ በፊትስ?»

«ምንም የለም፤ ባዶ ቦታ ነው።»

«አዎ። እሱ ባዶ ያልሽው ፊደል ነው። ከሀ በፊት የሚመጣ ፊደል።»

ያን ለት ሰውየው ጤነኛ አይደሉም ብዬ ነው ቤቴ የገባሁት። በኋላ ነው የገባኝ። ጋሽ ይመር በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ ብራና ላይ መጻፍም ለምደዋል። በድሮው አጻጻፍ ከቃል ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው። የኔታቸው ያችን ሁለት ነጥብ ሳይጽፍ ያለፈ ተማሪ አንድ ፊደል እንደ ገደፈ ይቆጥሩት ነበር አሉ። ቅጣቱም ያው የገደፈ ቅጣት ነው። ጋሽ ይመር ከዚያ ወጥተው ዘመናዊ ተምረው መጽሐፍ ቤት ሲገቡ ይህንኑ ይዘው ገቡ። ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ ቢሆንም ለእሳቸው ያው ፊደል ነው፣ ያውም የፊደሎች ሁሉ መጀመሪያ። ስለዚህ «ንብ» ብሎ ያቆመ ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው «ንብረት» የሚመጣው። ንብ ከንብ ጋር፣ በር ከበር ጋር፣ ቀን ከቀን ጋር ይቀመጣል።

የመጽሐፍ ስም ሲያነቡ ማየት ነበር። አንዱን ቃል ይሉና ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ቀጣዩን ቃል ይላሉ። ንብ፣ ነቅነቅ፣ እርባታ፣ ነቅነቅ፣ ለጀማሪ። የዩኒቨርሲቲ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ ሳያውቁት ለምደውባቸው ነበር፤ መጽሐፍ ሲጠይቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው የሚጠይቁት። ለእንግዳ ሰው የሆነ በሽታ ያለበት ከተማ ይመስል ነበር።

እኔ እንኳ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። መሬት ጽሕፈት ቤት የለመድሁት ሌላ ነው፤ እዚያ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አይቆጠርም። ምክንያት ነበረን። አንድ ገበሬ ገብረ ሥላሴ ይባላል እንበል። አንዱ ጸሐፊ ገብረ ብሎ ለቆ ሥላሴ ይላል፤ ሌላው ገጥሞ ይጽፈዋል። ባዶውን ከቆጠርሽው የአንድ ሰው ፋይል ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ሰውየው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ፋይልህ የለም ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንደ አንድ ቃል ነበር የምናነበው። ይህን ለጋሽ ይመር ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ። ለመሬት ጥሩ አሠራር ነው አሉ። መጽሐፍ ግን ስሙን የሚጽፍለት አንድ ሰው ነው፣ እሱም አሳታሚው ነው፤ ጸሐፊ አይለዋወጥበትም አሉ። ክርክሩ በየሳምንቱ ይነሣ ነበር፣ ማናችንም አልተረታንም።

ለፊደል ተራ ያላቸው ፍቅር በመደርደሪያ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሀብታሙ አሉት። ሁለተኛዋን ለምለም። ሐን ዘለሏት፤ ድምጿ ከሀ ጋር አንድ ስለሆነ ልጆቹ ይጣሉብኛል አሉ። ሦስተኛው መሰሉ ሆነ። እትዬ ጥሩዬ፣ ባለቤታቸው፣ አራተኛዋን ስታረግዝ ጋሽ ይመር በሠ የሚጀምሩ ስሞች በካርድ ላይ ጽፈው ትራስ ሥር አስቀመጡ። ልጅቱ ስትወለድ እትዬ ጥሩዬ ማንንም ሳታማክር «ፋሲካ» አለቻት። ከፈ በኋላ የምትቀረው ፐ ብቻ ናት፣ በፐ የሚጀምር ስም ደግሞ በትውልድ አገራቸው በሙጃ አይገኝም። «ፊደሉ እንዲያልቅልኝ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። ጋሽ ይመር ይህን ሲያጫውቱኝ እንባቸው እስኪወርድ ነበር የሚስቁት።

አስጎብኚዎቹ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበራቸው። እንግዳ በማይመጣበት ሰሞን እየመጡ ቋንቋ ያጠናሉ። አንዱ አንድ ቀን ገባና «ጋሼ፣ ያችን ሰማያዊዋን መጽሐፍ» አለ። ጋሽ ይመር ስም የላትም ወይ አሉት። ስሟን ረሳሁ አለ። እንግዲያው እስክታስታውሳት ከደጅ ሁን ብለው አስወጡት፤ ልጁም ወይራው ሥር ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ቆየ። እኔ አላስቻለኝም፣ መጽሐፏን ደብቄ ልወስድለት ስል ጋሽ ይመር ቀድመውኝ ሄደው ኖሯል። መጽሐፏን ጭኑ ላይ አስቀምጠውለት ስሟን ሦስት ጊዜ እያስነበቡት ነበር፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል።

ክፉው ጊዜ የመጣ ሰሞን ሰው ሁሉ የቤቱን ዕቃ ሲያሸሽ እሳቸው የካርድ ሣጥኖቹን በአህያ ጭነው ቤታቸው ወሰዱ አሉኝ። ካርድ ማለት የእያንዳንዱ መጽሐፍ ስም የተጻፈበት፣ በእሳቸው እጅ፣ በእሳቸው ተራ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ለምን መጽሐፎቹን አልወሰዱም ብላቸው፣ መጽሐፍ የጠፋ እንደሆነ ካርዱ ምን እንደ ጠፋ ይነግረኛል፣ ካርዱ ከጠፋ ግን ምን እንዳጣሁም አላውቅ አሉኝ። ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ።

እንግዲህ እኔ በገባሁበት ዓመት ጋሽ ይመር ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ነበር የቀራቸው። ከዚያ ቤት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክሊራንስ። «ምንም ጉድለት የለባቸውም» የምትል አንዲት ወረቀት ማለት ነው። ሌላው ሰው ክሊራንስን እንደ ጣጣ ነው የሚያየው፤ እሳቸው ግን እንደ ዲግሪ ነበር የሚጠብቋት። ያችን ይዤ ሙጃ እገባለሁ፣ የመንግሥት ቤት ሠላሳ ዓመት ይዞ አንዲት ገጽ ሳይጎድልበት ወጣ ይባልልኛል፣ ይሉ ነበር። የት እንደሚሰቅሏት ሳይቀር ወስነዋል። ከጡረታቸው በፊት ቆጠራ እንደሚደረግ ያውቁ ነበር፤ አልፈሩትም፣ እንዲያውም ቀኑን ይጠብቁ ነበር።

አሁን የእኔን ጥፋት ላውራ።

ነሐሴ ላይ እኅታቸው ታመሙና ጋሽ ይመር ሦስት ሳምንት ሙጃ ከረሙ። ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። በሁለተኛው ሳምንት በረዶ ወረደ፤ ላስታ የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት በረዶ እንደሆነ ይገባዋል። የጣሪያው መካከለኛ ቆርቆሮ ተቀደደ። ከታቹ ያሉት መደርደሪያዎች ከሰ እስከ ነ የሚሄዱት ናቸው። ያገኘሁትን ሁሉ ወዲያ ወዲህ ብዬ አወረድሁ። የጎረቤት ሴቶች ሰሌን አዋሱኝ፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ላይ አሰጣሁት። ከሁለት መጽሐፍ በቀር የተበላሸ አልነበረም። ቆርቆሮውንም ሰው ፈልጌ አስመታሁ።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርሁ። መልሼ ስደረድር ግን ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። የእኔን ተራ ላሳያቸው፣ ሲያዩት ይገባቸዋል፣ አልሁ። ከሰ እስከ ነ ያለውን በሙሉ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ አሠራር፣ ባዶ ቦታውን እንደሌለ ቆጥሬ፣ ስሙን በአንድ ትንፋሽ እያነበብሁ ደረደርሁት። «በር የሌለው ጎጆ» የሚለው ልብ ወለድ ከበሮች መካከል ወጥቶ ከበርበሬ አመራረት መጻሕፍት ሁሉ በስተኋላ ገባ። «ቀን ጠባቂዎቹ» ከቀንድ ከብት በኋላ ሆነ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ኩራቴ ለብቻው ነበር።

ጋሽ ይመር ተመለሱ። ገብተው ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ መጨረሻ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄዱ። የበ መደርደሪያ ፊት ብዙ ቆሙ። ማስመሪያቸው ተነሥቶ መልሶ ወረደ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ዞር አሉና ቆርቆሮውን ማን እንደ መታው ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ስንት መጽሐፍ እንደ ተበላሸ ጠየቁኝ፤ ሁለት አልሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ቤቱን አዳንሽው አሉኝና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በቃ። ስለ ተራው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አላስተዋሉም ማለት ነው ብዬ በጣም ተናደድሁ። እየቆየሁ ረሳሁት፤ እሳቸው መጽሐፍ ሲጠየቁ እንደ ድሮው ሄደው ያመጣሉ፣ እኔም እንደዚያው።

ኅዳር ላይ ቆጣሪዎቹ መጡ። ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሞላ ይባላል፣ ከመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ገና ሊደርስ ነው፣ ከተማው በተሳላሚ ሊሞላ ነው፣ እሱም የሌላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ስለዚህ በሁለት ቀን ጨርሶ ሊሄድ ቸኩሏል። አሠራራቸው ቀላል ነበር። አቶ ሞላ ከካርዱ ስም ይጠራል፣ ሁለቱ መደርደሪያው ላይ ያያሉ፣ «አለ» ይላሉ፣ ምልክት ያደርጋል። ካርዱና መደርደሪያው በአንድ ተራ ስለሚሄዱ ከሀ እስከ ረ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጋሽ ይመር ጥግ ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ያያሉ።

ሰ ላይ ደረሱ። አቶ ሞላ «ሰው የማያውቃት መንደር» አለ።

ሰዎቹ በ«ሰው» የሚጀምሩትን ጎን ለጎን አዩ። «የለም» አሉ። መጽሐፉ አለ፤ ሰውነት ማጎልመሻ ካለቀ በኋላ፣ ሌላ ረድፍ ላይ፣ እኔ ያስቀመጥሁበት ቦታ ተቀምጧል። ሁለተኛ «የለም» መጣ። ሦስተኛ መጣ። ሰዎቹ ቸኩለዋል፤ ቦታው ላይ ካላገኙት ሌላ ቦታ አይፈልጉም። በእያንዳንዱ «የለም» ጋሽ ይመር አንድ ጊዜ ወደ መደርደሪያው ያያሉ፣ ወደ እኔ ግን አላዩም።

መናገር ነበረብኝ። አሁን ሳስበው ሦስት ቃል ነበር፦ እኔ ነኝ ያደባለቅሁት። ግን ሙከራዬ ሊያልቅ ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር፣ ደብዳቤው ውስጥ «አንድ ቅሬታ» የሚለው ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ፈራሁ። ፈርቼ ዝም አልሁ፣ ዝም ባልሁ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ወደ ማታ ሲቃረብ አቶ ሞላ ወረቀቱን ደመረና አርባ ሦስት መጽሐፍ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እያፈረ ነው የተናገረው። ይህ ቀላል አይደለም ጋሼ፣ በእጅዎ ሳለ ጠፋ ተብሎ ይጻፋል፣ ክሊራንስም ልሰጥዎ አልችልም አለ። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት። ይመር መጽሐፍ ሸጠ ይባላል፤ ሙጃ ሳይደርሱ ወሬው ይቀድማቸዋል።

ጋሽ ይመር አልተቆጡም። እስከ ነገ ቀትር ብቻ ጊዜ እንዲሰጧቸው ለመኑ። አቶ ሞላ እሺ አለ።

በማግስቱ ጧት ሁላችንም ተገኘን። ጋሽ ይመር የጠፉትን ዝርዝር ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ ማስመሪያቸውን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። የመጀመሪያውን ስም አነበቡ። እኔ ጭንቅላታቸው እስኪነቀነቅ ጠበቅሁ። አልተነቀነቀም። በአንድ ትንፋሽ «ሰውየማያውቃትመንደር» አሉ፣ እንደ አንድ ቃል፣ ሳያርፉ። ከዚያ ሰውነት ማጎልመሻን አልፈው ሄዱና ሳያመነቱ እጃቸውን ሰደው መጽሐፉን አወጡ።

«ቀንጠባቂዎቹ» አሉ። አወጡ። «በርየሌለውጎጆ» አሉ። ከበርበሬዎቹ ኋላ አወጡ። አቶ ሞላ ከኋላቸው እየተከተለ ምልክት ያደርጋል፤ መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ዝም ብሎ ብቻ ይከተላቸው ጀመር። ሠላሳ ዓመት ባዶዋን ቦታ ሳይረግጡ ያላለፉ ሰውዬ ያን ለት እየዘለሏት ሄዱ። አንዱንም ሁለት ቦታ አልፈለጉትም። ቀትር ሳይሆን አርባ ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

አቶ ሞላ ላቡን ጠረገና ጥያቄውን ጠየቀ። መጠየቁ አይቀርም ነበር። «መቼም መጽሐፍ አልጠፋም፣ እግዜር ይመስገን። ግን ጋሼ፣ እንዲህ አድርጎ የደረደረው ማነው?»

እኔ አፌን ከፈትሁ። እምላለሁ ከፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይመር። «እርጅና ነው ልጄ። ተራው ተምታታብኝ።»

አቶ ሞላ ከንፈሩን መጠጠ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጻፈ፣ አስፈረማቸው፣ ማኅተም ተመታበት። ከትከሻቸው ኋላ ሆኜ አነበብሁት፦ «ከመጻሕፍቱ የጎደለ የለም። ሆኖም ኃላፊው መጻሕፍትን በፊደል ተራ በማስቀመጥ ረገድ ጉልህ ድክመት ታይቶባቸዋል።» በፊደል ተራ! ጋሽ ይመር! ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። እኔን ያሉኝ ነገር ቢኖር «ጣሪያው ከሐምሌ በፊት በደንብ ይታይ» ብቻ ነው። ቁልፉን አስረከቡኝና ወጡ። እኔ ጓሮ ሄጄ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ፤ የጎረቤት ሴቶች ስለ ወደድኋቸው መሰላቸው። እሱም ነበረበት።

ሙከራዬን አለፍሁ። ቤቱም ለእኔ ተሰጠኝ። ሁዳዴውን በሙሉ ከሰ እስከ ነ ያለውን አውርጄ በእሳቸው ተራ መለስሁት። ማንም አላዘዘኝም። ከትንሣኤ በኋላ ግን ማደር አልቻልሁም፤ አንድ ቀን ጧት መኪና ተሳፍሬ ሙጃ ወረድሁ።

እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ተቀበለችኝ። ውጭው ብርድ ነው፣ ሙጃ መቼ ሙቀት ያውቃል፤ ቤቱ ውስጥ ገብስ ዳቦና አሬራ ቀረበልኝ። ጋሽ ይመር ወፈር ብለዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ቀና ስል ግድግዳው ላይ አየሁት። የሠርጋቸው ፎቶ አለ፣ ከጎኑ በመስተዋት ተገጥሞ፣ በአዲስ ክፈፍ ውስጥ፣ የአቶ ሞላ ወረቀት። «ጉልህ ድክመት» የሚለው ከተቀመጥሁበት ይነበባል።

እትዬ ጥሩዬ እንደማየው አይታ ሳቀች። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስነብቡታል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ፊደል የማያውቀው ይመር» እያለ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዳቦውን መልሼ አስቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነበርሁ» አልኋቸው። «መደርደሪያውን እንደዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት።»

አሬራቸውን ጠጥተው ጢማቸውን ጠረጉ። እሱንማ ከሙጃ የተመለስሁ ቀን አውቄዋለሁ አሉኝ፣ ቀለል አድርገው። ክረምቱ ይውጣና ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ስል ቆጠራው ቀደመኝ አሉ።

«ታዲያ ለምን ለአቶ ሞላ አልነገሩትም? ያችን ወረቀት ስንት ዓመት ሲጠብቋት...»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ከሰ እስከ ነ ስንት መጽሐፍ አለ? ያን ሁሉ ስትደረድሪ አንዲት ቦታ ላይ እንኳ ከራስሽ ሕግ አልወጣሽም። አንዲት ቦታ ብትሳሳቺ ኖሮ አርባ ሦስቱን አላገኛቸውም ነበር፤ እኔም በሌባ ስም እወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘሁት። ላባርረው ነበር እንዴ?»

እትዬ ጥሩዬ አሬራ ልትጨምርልኝ ተነሥታ እዚያው ቆመች። ከዚያ ያችን ወረቀት ከግድግዳው አውርዱልኝ አልሁ። ጋሽ ይመር አይሆንም አሉ፣ ለእኔ ጌጤ ነች አሉ። እኔም አልቀደውም፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ስጡኝ አልሁ። ወረደች። ክፈፉን ፈታሁ፣ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ፣ ከአቶ ሞላ ፊርማና ከማኅተሙ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «መጻሕፍቱን እንዲህ የደረደርሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይመር ጥፋት የለባቸውም።» ስሜን ጻፍሁ። ፈረምሁ።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አንዴ አነበቡት፣ እንደገና አነበቡት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ሊመርቁኝ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አሉኝና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ቀኑን ጻፍሁበት።